የባልጩት ጦር ፤ ስለ ጥንት አዳኞች መሣሪያና ስለ እጅ ጥበብ ክብር

(በክረምቱ ዕረፍት ጊዜ በአርቦዬ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና ወላጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ጥንት ሰው የአደን መሣሪያ ነው። በትምህርት ቤት ስለዚህ ጉዳይ የሚሰጠን ትምህርት በጣም አጭር ነው። «የድንጋይ ዘመን ሰው በዋሻ ይኖር ነበር፤ በድንጋይ እያደነ ይበላ ነበር» ይባልና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይታለፋል። አብሮ የሚታየውም ሥዕል ጠጕራም ሰው ዱላ ይዞ ሲጮህ የሚያሳይ ነው። ከዚህ ሥዕል የምናገኘው ትምህርት ያ ሰው ደንቆሮ እንደነበረ፥ እኛ ግን ሥልጡኖች እንደሆንን ብቻ ነው። ይህ አሳብ የተሳሳተ መሆኑን ለማስረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ማስረጃው ከአርሲ ደጋ በታች፥ ከዝዋይ ሐይቅ ማዶ ይገኛል።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ይገባል። የድንጋይ መሣሪያ ሁሉ የአደን መሣሪያ አይደለም። በአፋር ክልል በጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜያቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ይህንንም ኢትዮጵያዊው ሊቅ ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስታውቀዋል። በኬንያ በሎሜክዊ የተገኙትና በ2015 እ.ኤ.አ. የተገለጡት ደግሞ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ይሆናቸዋል። እነዚህ ሁሉ ድንጋይን በድንጋይ በመምታት የተገኙ ስለታም ስባሪዎች ናቸው እንጂ ጦር አይደሉም። ሥራቸውም ሥጋ መቁረጥና አጥንት ሰብሮ ቅልጥም ማውጣት የመሰለው ነበረ። በመካከለኛው አዋሽ በቡሪ 2.5 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው፥ የድንጋይ ስለት ያረፈባቸው የእንስሳት አጥንቶች ተገኝተዋል። እንስሳውን የገደለው ሰው ይሁን አንበሳ ግን የስለቱ ምልክት ብቻውን አይነግረንም። ሥጋ መብላትና ማደን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁለት ፊቱ ተጠርቦ የሾለው የእጅ መጥረቢያ ነው። በኮንሶ የተገኙት፥ ዮናስ በየነና ባልደረቦቹ በ2013 እ.ኤ.አ. ያስታወቋቸው የእጅ መጥረቢያዎች 1.75 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው። ይህም ቢሆን በመዳፍ ተይዞ የሚሠራበት እንጂ ጎሽን ፊት ለፊት የሚገጥሙበት መሣሪያ አይደለም። የጎሽ ቀንድ ከሰው ክንድ ይረዝማል። እንግዲህ የአደን መሣሪያ ታሪክ የሚጀምረው ሰው በራሱና በአውሬው መካከል ርቀት ማድረግን ካወቀበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው የአደን መሣሪያ ሁሉ፥ ከሾለ እንጨት እስከ ጠመንጃ ድረስ፥ የዚህ የርቀት ታሪክ ነው።

የመጀመሪያው ርቀት የእንጨት ጦር ነበረ። እንጨት ይበሰብሳልና ብዙ አልቀረልንም። በእንግሊዝ አገር በክላክተን በ1911 እ.ኤ.አ. አንድ የጦር ጫፍ ተገኝቷል፤ ዕድሜው 400,000 ዓመት ያህል ነው። በጀርመን አገር በሾኒንገን ደግሞ በ1990ዎቹ ውስጥ ከብዙ የፈረስ አጥንቶች ጋር ሙሉ የእንጨት ጦሮች ከጭቃ ውስጥ ወጥተዋል። ዕድሜያቸው በመጀመሪያ 300,000 ዓመት ነው ተብሎ ነበር፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ወደ 200,000 ዓመት አውርዶታል። አሠራራቸውን የመረመሩ ሰዎች የተደነቁበት ነገር ይህ ነው፤ ጫፉ የተሳለው ከግንዱ ከሥሩ በኩል፥ እንጨቱ ጠንካራ ከሆነበት ወገን ነው፤ የሾለውም ጫፍ ለስላሳ በሆነው በእንጨቱ ልብ ላይ እንዳይውል ወደ ጎን ተደርጓል። ጠራቢው እንጨት የሚያውቅ ሰው ነበረ። በቅርብ ዓመታት የጦር ውርወራ ስፖርተኞች የእነዚህን ጦሮች አምሳያ ቢወረውሩ እስከ 20 ሜትር ድረስ ዒላማቸውን መምታት ችለዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከአሰላ ከፍታ ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው ስምጥ ሸለቆው ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ፥ ከጥንታዊ እሳተ ገሞራ የቀረ ጋደሞታ የሚባል ከፍ ያለ ቦታ አለ። አሜሪካዊው ፍሬድ ዌንዶርፍና ፖላንዳዊው ሮማልድ ሺልድ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በዚያና በአጠገቡ ባለው በኩልኩለቲ ቆፍረው እጅግ ብዙ የባልጩት መሣሪያ አወጡ። ባልጩት፥ ሁላችሁም እንደምታውቁት፥ ጥቁርና አብረቅራቂ ድንጋይ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ ዐለት ቶሎ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር የተፈጥሮ መስታወት ነው። ሲሰበር ጠርዙ ከምላጭ የማይተናነስ ስለት ይሆናል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በመልካ ቁንጥሬም ሰዎች ይህን ድንጋይ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በብዛት ይጠርቡት ነበር። በአጠገቡ ያለው ቦታ ስሙም ባልጪት ነው፤ ሁለቱም ቦታዎች በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ አብረው ተጽፈዋል።

በጋደሞታ ከወጡት መሣሪያዎች መካከል ጫፋቸው የሾለ፥ ሦስት ማዕዘን የመሰሉ ስለቶች ይገኛሉ። ዕድሜያቸው የታወቀው በላያቸው በተነጠፈው የእሳተ ገሞራ ዐመድ ነው። በዐመዱ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን የማዕድን ፍሬዎች ያለው ፖታሲየም ከፊሉ በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ የተከማቸውን አርጎን የለካ ሰው ዐመዱ የወደቀበትን ዘመን ያገኛል። በዚህም መንገድ ከዐመዱ በታች የነበሩት ስለቶች ከ279,000 ዓመት በላይ እንደሆናቸው ተረጋገጠ። በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የዘመናዊ ሰው አጥንት ቢያንስ 230,000 ዓመት ነው ተብሏል። ከዚህ ጋር ስናስተያየው የጋደሞታ ስለቶች ምን ያህል ጥንታውያን እንደሆኑ እንረዳለን።

ታዲያ እነዚህ ስለቶች በጦር ጫፍ ላይ የተሰኩ ናቸው ወይስ ተራ ቢላዎች? ይህን ጥያቄ ኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መለሱ። መንገዳቸው ይህ ነው። ባልጩት ሲሰነጠቅ ስንጥቁ በሮጠበት ፊት ላይ እንደ ተከፈተ መቀስ ያሉ፥ በማጉያ መነጽር ብቻ የሚታዩ ጥቃቅን መስመሮች ይቀራሉ። ስንጥቁ በፈጠነ ቍጥር የመቀሱ አፍ ይጠባል። ስለዚህ የመስመሮቹን ማዕዘን የለካ ሰው ድንጋዩ ምን ያህል በፈጠነ ምት እንደተሰበረ ያሰላል ማለት ነው። እነርሱም በአንዳንዶቹ ስለቶች ላይ ያገኙት ፍጥነት፥ በእጅ ተይዞ በሚወጋ ጦር ወይም በጠራቢው ምት ከሚደረሰው በላይ ሆነ። ስለዚህ እነዚህ ስለቶች የተሰበሩት ተወርውረው ዒላማ ሲመቱ ነው አሉ።

በሳይንስ ዘንድ አንድ ሰው ተናግሮ ነገሩ አያበቃም። ቬርል ሮትስና ሁግ ፕሊሶን የሚባሉ ሊቃውንት በ2014 እ.ኤ.አ. ይህን ማስረጃ ተችተዋል፤ እንዲህ ያለ ስብራት በሌላም ምክንያት ሊመጣ ይችላልና የመወርወር ምልክት ነው ለማለት አይበቃም ብለዋል። ዮናታንና ባልደረቦቹም መልስ ሰጥተዋል። ይህን የምነግራችሁ ለክርክሩ ብዬ ብቻ አይደለም። ከአርሲ ግርጌ የተገኘች አንዲት ጥቁር ድንጋይ በዓለም ላይ ያሉ ሊቃውንትን የምታከራክር መሆኗን፥ ከክርክሩም ፊት ኢትዮጵያዊ መቆሙን እንድታውቁት ነው።

አሁን መሣሪያው እንዴት ይሠራ እንደነበረ እናስብ። ድንጋዩን ማሾል የሥራው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ዘንጉ ቀጥ ያለና ያልነቀዘ መሆን አለበት። ጫፉ ተሰንጥቆ የስለቱ ግርጌ ይገባበታል፤ ከዚያም በሙጫ ይጣበቃል፥ በጅማት ወይም በጠፍር ይታሰራል። ሙጫው ብቻውን ሲደርቅ ይሰባበራል፤ ስለዚህ በደቡብ አፍሪካ በሲቡዱ ዋሻ የነበሩ ሰዎች ቀይ አፈር ይቀላቅሉበት እንደነበረ ታውቋል። ጅማቱ ከአውሬ፥ ሙጫው ከዛፍ፥ ቀለሙ ከአፈር፥ ስለቱ ከዐለት ይመጣል። አንዱ ቢጎድል ጦሩ ጦር አይሆንም። ይህን ሁሉ አስቀድሞ አስቦ፥ በየቦታው ለቅሞ፥ በየተራ የሚያገጣጥም ሰው ደንቆሮ ሊባል አይችልም።

ስለ መወርወርም የፊዚክስ መምህራችን ያስተማሩንን እናስታውስ። የሚወረወር ነገር ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቀላል ጦር በፍጥነት ቢወረወር ከከባድ ዱላ የበለጠ ይጎዳል። ቺምፓንዚ በጡንቻ ከሰው ይበረታል፤ ነገር ግን እንደ ሰው አድርጎ መወርወር አይችልም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት እንዳስረዳው፥ የሰው ትከሻ ክንድ ወደ ኋላ ሲሳብ እንደ ተወጠረ ጠፍር ጉልበት ያጠራቅማል፤ ሲለቀቅም በአንድ ጊዜ ያወጣዋል። ጉግስ የተመለከተ ሰው፥ ፈረሰኛው ዘንጉን ከመወርወሩ በፊት ትከሻውን እንዴት ወደ ኋላ እንደሚስብ ያውቃል። ያ እንቅስቃሴ ከጉግስም ከፈረስም በፊት የነበረ ነው።

ከመወርወር ሌላ ሩጫ አለ። ዴኒስ ብራምብልና ዳንኤል ሊበርማን በ2004 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፥ የሰው አካል ለረጅም ሩጫ የተመቸ ነው፤ የእግር ጅማቱ ረጅም ነው፥ በላብም ገላውን ያቀዘቅዛል። ሚዳቋ ለጥቂት ጊዜ ከሰው እጅግ ትፈጥናለች፤ ነገር ግን በቀትር ፀሐይ ሳትቆም ብትሳደድ ሙቀቱ ይጥላታል። በካላሃሪ በረሃ እንዲህ የሚያድኑ ሰዎች በዘመናችን ታይተዋል። ከበቆጂ ወጥታ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችውን ደራርቱ ቱሉን፥ ከአሰላ የወጣውን ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የሚያውቅ የአርሲ ልጅ ይህን ነገር ለማመን አይቸገርም። ይህን ስል ሯጮቻችን ያሸነፉት በአዳኝ ዘራቸው ነው ማለቴ አይደለም፤ ያሸነፉት በልምምድና በድካም ነው። የመሮጥ ችሎታ ግን የማናቸውም ሰው ርስት ነው።

ከጦር በኋላ የመጣው ቀስትና ፍላጻ ነው። በመተማ አቅራቢያ ሺንፋ ወንዝ ዳር በተገኘ ስፍራ 74,000 ዓመት ያህል የሆናቸው ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ስለቶች ወጥተዋል። ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ በ2024 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት እነዚህ የፍላጻ ጫፎች ሳይሆኑ አይቀሩም። በዚያ ዘመን በሱማትራ ደሴት የቶባ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር፤ የአገሩም በጋ በርትቶ ወንዙ እየደረቀ በኩሬ ይቀር ነበር። ሰዎቹም ወደ ኩሬው ለመጠጣት የሚመጣውን አውሬ አደኑ፤ ከኩሬውም ዓሣ አወጡ። ችግር ሲመጣ መሣሪያቸውንና ምግባቸውን ከጊዜው ጋር አስማሙ።

ይሁንና መሣሪያ ብቻውን አዳኝ አያደርግም። ከእኛ በስተደቡብ በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሐበራ በሚባል የዐለት ጥግ፥ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ከሚያልፍ ከፍታ ላይ፥ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት እየተመላለሱ ኖረዋል፤ ይህም በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ባልጩታቸውን የሚያመጡት ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ነበረ። ነገር ግን ዋና ምግባቸው ጎሽ ወይም ዝሆን አልነበረም፤ የባሌ ትልቁ ፍልፈል ነበረ። ፍልፈል በጦር ውርወራ አይያዝም፤ ጉድጓዱን፥ መውጫ ሰዓቱንና ጠባዩን በማወቅ ነው እንጂ። ብርድ ባለበት፥ አየር በሳሳበት ከፍታ ሕይወታቸውን ያቆመው ጀብዱ ሳይሆን ዕውቀት ነው። በአገራችን ገዳይ ሲሸለም ኖሯል፤ ፍልፈል አጥንቶ ቤተሰቡን ስለመገበው ሰው ግን የፎከረ የለም።

አደን የወንድ ሥራ ብቻ ነበር የሚባለውም ነገር መመርመር ያስፈልገዋል። በፔሩ አገር ከ9,000 ዓመት በፊት የተቀበረች ሴት ከአደን መሣሪያዎቿ ጋር መገኘቷ በ2020 እ.ኤ.አ. ተገልጿል። በኮንሶም ድንጋይ ጠርበው ቆዳ የሚፍቁት ሴቶች መሆናቸውን ተመራማሪዎች በሰፊው ጽፈዋል። እኅቶቼ፥ በመማሪያ መጽሐፋችን ሥዕል ላይ ሴት ከኋላ ተቀምጣ እሳት ስታነድ ብቻ ብታዩ፥ ያ የሠዓሊው አሳብ እንጂ የቁፋሮው ውጤት አለመሆኑን ዕወቁ።

አሁን ወደ ንግግሬ ፍሬ ነገር ደረስኩ። ሊቃውንት የጥንቱን ጠራቢ አሠራር ለመረዳት ሲፈልጉ ወደ ማን ሄዱ? ወደ ባላባት ቤት አልሄዱም፤ ወደ ምሁራንም አልመጡም። የሄዱት ወደ ቆዳ ፋቂው ነው። ጄምስ ጋላገር የተባለ ተመራማሪ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፥ በጉራጌ፥ በአርሲና በሲዳማ ባልጩት ጠርበው ቆዳ የሚፍቁ ባለ እጆች መኖራቸውን ጽፏል። ከእርሱም በኋላ በጋሞና በኮንሶ ሌሎች ብዙ ጥናት አድርገዋል። የትኛው ድንጋይ ለስለት እንደሚሆን፥ ከየት አቅጣጫ ቢመታ እንደሚላጥ፥ በየትኛው ሙጫ ከእጀታው ጋር እንደሚጣበቅ የሚያውቁት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ድንጋዩ ለቆዳ መፋቂያ ይሁን ለጦር፥ የእጁ ጥበብ አንድ ነው። የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የእነርሱን እጅ ለማየት ከባሕር ማዶ መጥተዋል።

እኛስ ምን አደረግንላቸው? «ፋቂ» ብለን ሰደብናቸው። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቡዳ» አልነው፤ ሸክላ የምትሠራውን ከማዕድ አራቅናት፤ ልጃችንን ለልጃቸው መስጠት እንደ ውርደት ተቈጠረ። እህላችንን በእነርሱ ማረሻ አርሰን፥ ወጣችንን በእነርሱ ድስት ሠርተን፥ በእነርሱ ቆዳ ላይ ተኝተን፥ ስማቸውን የስድብ ቃል አደረግነው። ከዚያም «ኢትዮጵያ የሰው ዘር መገኛ ናት» ብለን በየስብሰባው እንኮራለን። ለሁለት መቶ ሠላሳ ሺህ ዓመት አጥንት ከሚኮራ ይልቅ፥ ያንን ጥበብ እስከ ዘመናችን ላደረሰው ጎረቤቱ እጁን የሚዘረጋ ሰው ይበልጥብኛል። በዩኒቨርሲቲም ውስጥ ይህ በሽታ አለ። እጃችን ዘይት እንዳይነካው፥ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንድናዝ ብቻ የምንማር ብዙዎች ነን። የሰው አእምሮና የሰው እጅ አብረው ያደጉ ናቸው፤ ሁለቱን የለያየ ትምህርት ጎደሎ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ነገር ሲሰሙ «ውሃና መድኃኒት በሌለበት አገር ስለ ድንጋይ ማጥናት ቅንጦት ነው» ይሉኛል። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። እኔ ግን ሁለቱን ነገር አላጋጭም። ውሃ የሚያወጣው ባለሙያ እጁን የማይንቅ ሰው ነው፤ እጅ የተናቀበት አገር ደግሞ ውሃ አውጪውን ዘወትር ከውጭ ይጠብቃል። ራሱን የሌላው ትምህርት ጭራ አድርጎ የሚያይ ተማሪ አዲስ ነገር ለመሥራት አይደፍርም። ከመንደሩ ማዶ የተገኘው መሣሪያ በዓለም ካሉት ጥንታውያን መካከል መሆኑን ያወቀ ልጅ ግን «እኛም መሥራት እንችላለን» ይላል።

ስለዚህ ከዚህ ስብሰባ ሦስት ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እለምናችኋለሁ። መጀመሪያ፥ በእርሻ ውስጥ ወይም በወንዝ ዳር የተጠረበ ባልጩት ወይም የድንጋይ አጥንት ብታገኙ አታንሡት፥ አትሽጡት። ጋደሞታ የታወቀው ስለቱ ከዐመዱ በታች በቦታው ስለተገኘ ነው፤ ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ዘመኑን አይናገርም። ለመምህራችሁና ለባህል ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209ም ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዝዛል።

ሁለተኛ፥ በቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቁ። የጦር ዘንግ ከየትኛው ዛፍ ይቈረጥ ነበር? እንዴት ይቃና ነበር? የየትኛው ዛፍ ሙጫ ይጠነክራል? አውሬ የሚታደነው በየትኛው ወር ነበር? ይህንን በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፥ ሽማግሌው በተናገረበት ቃል ጻፉት። ለዚህ ሥራ ደብተርና እርሳስ ብቻ ይበቃል። ሽማግሌው ካለፈ በኋላ ግን የትኛውም ቤተ መጻሕፍት አይመልሰውም።

ሦስተኛ፥ በትምህርት ቤታችሁ የቆዳ ሠሪ፥ የቀጥቃጭ ወይም የሸክላ ሠሪ ልጅ ካለ አብራችሁት ተቀመጡ፤ ምሳችሁንም አብራችሁት ብሉ። ይህ ከሦስቱ ሁሉ ቀላሉ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚከብደው እርሱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።